ስለ ሰውነት ሚዛንና ስለ ጥቂት ጨው



በሥራዬ የሒሳብ ሰው ነኝ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በበጀት ክፍል ተቀምጬ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን የገንዘብ ጥያቄ እየመረመርሁ፣ የሚገባውን አሳልፌ የማይገባውን እሰርዛለሁ። ስለዚህ ሚዛን ማለት ለእኔ ለብዙ ጊዜ ገቢና ወጪ እኩል ሆነው የሚቆሙበት የመዝገብ መስመር ብቻ ነበረ። ሰው ሁሉ ከእኔ መዝገብ ይልቅ የጠነከረ ሚዛን በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ይዞ እንደሚኖር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያስተማረኝም የልጄ በሽታ ነው።

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። በ2021 የበጀት ዝግጅት ሲደረግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተመራማሪዎች የመጣ አንድ ማመልከቻ በጠረጴዛዬ ላይ ዋለ። የጠየቁትም በቆላ አገር የሚኖሩ ሰዎች ሰውነት ውሃንና ጨውን እንዴት እንደሚያመዛዝን ለማጥናት የሚሆን ገንዘብ ነበረ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። እኔ ግን ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረግሁና «ጥቅሙ በቅርብ አይታይም» የሚል ቃል በኅዳጉ ላይ ጽፌ መስመሩን ሰረዝሁት። አለቃዬም ተስማሙ። የመንግሥትን ገንዘብ ከብክነት ያዳንሁ መስሎኝ በዚያ ቀን ምሳዬን በደስታ በላሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2023 የክረምት ወራት፣ እናቴ ከትግራይ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ዘንድ ተቀመጡ። ጦርነቱ መንገዱንም ስልኩንም ዘግቶት ስለ ነበረ ለረጅም ጊዜ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ዕድሜ የነበረውን የልጅ ልጃቸውንም ያዩት ገና ያን ጊዜ ነው። በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ሕፃኑን ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ከጧት ጀምሮ የበላውም የጠጣውም በሆዱ አልረጋ አለ።

«ውሃ አትስጡት» አሉ እናቴ። «የጠጣው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ሆዱ ባዶ ሲሆን ያርፋል።»

ባለቤቴ አመነታች። እኔም አመነታሁ፤ ነገር ግን ስንት ልጅ ያሳደጉ እናት ሲናገሩ ልጅ ዝም ይላል ብዬ ዝም አልሁ። ቀኑ እንዲሁ አለፈ። ሲመሽ ሕፃኑ ሲያለቅስ ፊቱን በመብራት አየሁት። ድምፁ ይሰማል፤ እንባው ግን አይወርድም። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ከንፈሩም ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ የረሳሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አማርኛንም ከመጽሐፍ የተማርሁት በዚያ ነው፤ የአፍ መፍቻዬ ትግርኛ ነውና። የሳይንስ መምህራችን የነበሩት መነኩሲት አንድ ቀን ጥሬ ድንች ከትፈው፣ ግማሹን በንጹሕ ውሃ፣ ግማሹንም ብዙ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ አስቀመጡት። በማግሥቱ በንጹሕ ውሃ የተቀመጠው ጠንክሮ ተገኘ፤ በጨው ውሃ ውስጥ የነበረው ግን ተልፈስፍሶ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፍ ነበር። መምህራችንም ውሃ ጨው ወደ በዛበት እንደሚሄድ አስረዱን። እኔም ለፈተና አጥንቼ ከፈተናው በኋላ ረሳሁት። በዚያች ሌሊት የልጄን ክንድ ብይዘው ያ የተልፈሰፈሰው ድንች በፊቴ መጣ።

ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ተረኛዋ ነርስ የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቶቿ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ እጥፋቱ ወዲያው ሊመለስ ሲገባው ቀስ እያለ ተመለሰ። መዘነችው፤ 10 ኪሎ ሆነ። እኔ ግሉኮስ ይሰቀልለታል፣ መርፌም ይወጋል ብዬ ስጠብቅ፣ እርሷ ከመሳቢያዋ አንዲት ትንሽ ከረጢት አውጥታ፣ በውስጧ ያለውን ነጭ ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጠበጠች። በአገራችን «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ወይም «ኦ.አር.ኤስ» የሚባለው ይህ ነው። ከዚያም የሻይ ማንኪያ ለእናቴ ሰጠቻቸው።

«በአራት ሰዓት ውስጥ 750 ሚሊ ሊትር ይጠጣል» አለች። «በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ አንድ ማንኪያ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና እንደ ገና ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ።»

እናቴ ማንኪያውን ይዘው ቆሙ። «ልጄ፣ እየገደለው ያለው ውሃው አይደለም ወይ?»

«እማማ፣ የሚገድለው የሚወጣው ነው፤ የሚገባው አይደለም» ብላ መለሰችላቸው።

እናቴ እስኪነጋ ድረስ ማንኪያውን ለማንም አልለቀቁም። እኔ በሰዓቴ ደቂቃውን እቆጥራለሁ፤ እርሳቸው ያጠጣሉ። ሁለት ጊዜ አስመለሰው፤ ሁለት ጊዜም ጠብቀን ቀጠልን። ሊነጋ ሲል ሕፃኑ በአያቱ ቀሚስ ላይ ሸና። ነርሷ ይህን ሰምታ ሳቀችና «ኩላሊቱ ሥራውን ጀመረ» አለች። እናቴ እልል ሊሉ ቃጥቷቸው ሌሎች ሕሙማን መኖራቸው ትዝ ቢላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

የሒሳብ ሰው ነኝና ያቺ ከረጢት ስንት እንደምታወጣ ጠየቅሁ። ዋጋዋ ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ እንቅልፍ ከለከለኝ፤ ይኸውም ይህን ለማወቅ ስንት ወጣ? ማንስ ከፈለ? የሚለው ነው። ስለዚህ በትርፍ ጊዜዬ ማንበብ ጀመርሁ። ካነበብሁት ጥቂቱን እነሆ እነግራችኋለሁ።

ክሎድ ቤርናር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ (1813–1878) የሰውነታችን ሕዋሳት በውጭው አየር ሳይሆን በሰውነት ውስጥ በሚገኝ ፈሳሽ ተከበው እንደሚኖሩ አስተማረ። ውጭው ቢሞቅ ቢበርድ፣ ቢዘንብ ቢደርቅ፣ ያ የውስጥ ፈሳሽ ሳይለዋወጥ በመቆየቱ ሰው በነጻነት ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳል። በ1926 ደግሞ በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ወልተር ካነን ለዚህ ነገር «ሆሚዮስታሲስ» የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ ከግሪክ የተገኘ ሲሆን፣ «ተመሳሳይ» እና «መቆም» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። በእኛ ቋንቋ «የሰውነት ሚዛን» ብንለው የሚበቃ ይመስለኛል። አማርኛን በመማር ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ «ሚዛን» ጠቃሚ ቃል ነው። ገበያተኛው ስለ ሸቀጡ፣ ዳኛው ስለ ፍርዱ ይናገርበታል፤ በትግርኛም ያው ሚዛን ነው።

ይህ ሚዛን የቆመ ሚዛን አይደለም፤ ዘወትር ሲያዘነብል ዘወትር የሚስተካከል ነው። የጤነኛ ሰው ደም በአንድ ሊትር ውስጥ ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ሶዲየም ይይዛል፤ ሶዲየምም ከምንበላው ጨው የሚገኝ ነው። ልክ ከዚህ ጥቂት ከፍ ሲል አንጎላችን ጥማትን ይቀሰቅስብናል፤ ኩላሊትንም ውሃ ቆጥብ ብሎ ያዝዘዋል። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚህም ውስጥ አብዛኛውን ለሰውነት መልሰው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህል ብቻ ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ የግምጃ ቤት ሹም በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም።

ተቅማጥ ይህን መዝገብ ያፈርሰዋል። በብርቱ ኮሌራ የተያዘ ትልቅ ሰው በአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ከውሃው ጋራ ጨውም አብሮ ይወጣል። ብዙዎች የሚሞቱት ጀርሙ ሰውነታቸውን በልቶ ሳይሆን ገቢው ወጪውን መተካት አቅቶት ነው።

ይህ ገና በ1832 ታውቆ ነበር። በዚያ ዓመት በስኮትላንድ ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም ሊሞቱ በደረሱ የኮሌራ ሕሙማን ደም ሥር ውስጥ የጨው ውሃ ቢያስገባ አንዳንዶቹ ነፍስ ዘሩ። ያየውንም ለንደን ለነበረው ለመንግሥት የጤና ቦርድ ጽፎ አስታወቀ። ነገር ግን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ንጹሕ ጠርሙስ፣ ንጹሕ መርፌና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ኮሌራም የሚበረታው ይህ ሁሉ በማይገኝበት አገር ነው። በአፍ ቢሰጥስ? የጨው ውሃ ብቻውን ቢጠጣ በታመመው አንጀት ውስጥ አልፎ ይወጣል። የእናቴ ፍርሃት ከዚህ የመጣ ነውና ከንቱ አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከሁለት ወገን ነው። በ1960 በፕራግ ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ ሮበርት ክሬን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አንድ አሳብ አቀረበ። ክሬን ይመረምር የነበረው ሃምስተር የተባለች አይጥ መሰል እንስሳ አንጀት ስኳርን እንዴት እንደሚቀበል ነበር። በአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ሶዲየም እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚገቡበት በር እንዳለ አስረዳ። አንዱ ያለ ሌላው በዚያ በር አያልፍም፤ ሁለቱ ሲያልፉ ግን ውሃ ይከተላቸዋል። ኮሌራ ሌላውን ሁሉ ሲያናጋ ይህን በር አይዘጋውም። ስለዚህ ጨው ብቻውን ሲመጣ በውጭ ይቀራል፤ ስኳር ሲያጅበው ይገባል።

በዚያው በ1960 ያን ጊዜ የምሥራቅ ፓኪስታን ከተማ በነበረችው በዳካ የኮሌራ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። የመነሻው ምክንያት የደቡብ ምሥራቅ እስያ የጦር ቃል ኪዳን ማኅበር ቢሆንም፣ ገንዘቡ በአብዛኛው የአሜሪካ ሕዝብ ግብር ነበረ። ሥራው ለዓይን የሚያምር አልነበረም። ሕሙማኑ መካከሉ በተበሳ የሸራ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል፤ በባልዲው የተጠራቀመው በየጊዜው እየተለካ ይመዘገባል። እኔ ወጪን በመመዝገብ የምኖር ሰው ይህን ሳነብ እነዚያን ሰዎች ባልደረቦቼ አድርጌ ቈጠርኋቸው።

ሥራውም ያለ ስሕተት አልሄደም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ሮበርት ፊሊፕስ ቀደም ሲል በ1962 በፊሊፒንስ ስኳርና ጨው በአንድነት ቢያጠጣ ሰውነት እንደሚቀበለው ተመልክቶ ነበር። በቀጠለው ሙከራ ግን መጠኑ ከልክ በላይ የጠነከረ ስለ ነበረ ሕሙማን ሞቱበት። አሳቡ እውነት ቢሆንም ልኩ ስቶ ነበር።

በ1968 በዳካው ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ኔሊንና ሪቻርድ ካሽ፣ ዕድሜያቸው ገና 30 ያልሞላ ሐኪሞች፣ ከሥራ ጓዶቻቸው ጋራ ልኩን አገኙት። ሕመምተኛው የሚያጣውን ያህል ለክተው፣ ጨውና ስኳር ያለበትን ውሃ በአፉ መለሱለት። በዚህም በደም ሥር ይሰጥ የነበረው ፈሳሽ በ80 ከመቶ ያህል ቀነሰ። የክሬን ትምህርትም ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ገለጠ።

ብዙ ሳይቆይ ታላቁ ፈተና መጣ። በ1971 በምሥራቅ ፓኪስታን ጦርነት ተነሥቶ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ፤ በመጠለያዎቹም ኮሌራ ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሕንዳዊ ሐኪም በድንበሩ አጠገብ በምትገኘው ቦንጋዮን ሲደርስ ሕሙማኑ በወለል ላይ ተኝተው፣ በደም ሥር የሚሰጠውም ፈሳሽ እያለቀ አገኘ። ማሃላናቢስ በካልካታ ይሠራበት የነበረው የምርምር ማዕከልም የሚተዳደረው በሕዝብ ገንዘብ ነበር። እርሱም ረዳቶቹን ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ እያስመዘነ በከረጢት አሳሸገ። ነርስ ስላልነበረ የሚያጠጡት የሕሙማኑ እናቶች፣ ወንድሞችና ጓደኞች ሆኑ። ቀድሞ ከ100 ሕሙማን 30 ያህል ይሞቱ ነበር፤ በእርሱ እጅ የታከሙት ዘንድ ሞቱ ወደ 3.6 ከመቶ ወረደ። ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በ1978 ይህን እውቀት ከመቶ ዓመቱ የሕክምና ግኝቶች ሁሉ ዋነኛው ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ማሃላናቢስም በ2022 አረፈ።

ይህን አንብቤ ስጨርስ ያን የሰረዝሁትን መስመር አስታወስሁ። «በሃምስተር አንጀት ውስጥ ስኳር የሚያልፍበትን መንገድ ለማጥናት» የሚል ማመልከቻ ወደ ጠረጴዛዬ ቢመጣ ኖሮ ምን እንደምጽፍበት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለመሥሪያ ቤት መሳቂያ ባደረግሁትም ነበር። ልጄ ግን በዚያች ሌሊት የጠጣው ከዚያ አንጀት የተገኘ እውቀት ነው።

አሁን ለመጻፍ ወደ ከበደኝ ነገር ደረስሁ።

ልጁ ድኖ ሩጫ በጀመረበት ሳምንት እናቴ በረንዳ ላይ ቡና እያፈሉ ድንገት ጠየቁኝ። «ይህ የጨውና የስኳር ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የታወቀው?»

ለምን እንደ ጠየቁኝ አወቅሁ። ከእኔ በፊት አንዲት እኅት ነበረችኝ። እኔ ሳልወለድ፣ በ1986፣ ገና ዓመቷን እንዳለፈች በተቅማጥ ሞተች። ፎቶግራፍ የላትም። እናቴ ስለ እርሷ የነገሩኝ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ «ውሃ፣ ውሃ እያለች» ብለው ነገሩን በዚያ አቁመዋል። በትግርኛ ውሃ «ማይ» ነው፤ አፉን የሚፈታ ሕፃን ቶሎ ከሚይዛቸው ቃላት አንዱ ነው።

መዋሸት እችል ነበር። «ይህ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው» ብላቸው ያምኑኝ ነበር፤ ቡናውም በሰላም ይፈላ ነበር። ነገር ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ማንኪያ ይዘው ልጄን ያተረፉልኝ ሴት እውነቱ የሚገባቸው መሰለኝ።

«አደይ» አልኋቸው፤ በቋንቋችን እናቴ ማለት ነው። «እርሷ ከመሞቷ 15 ዓመት በፊት ታውቆ ነበር። ወደ እኛ መንደር ግን አልደረሰም።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የእናቴ አባት በሕይወታቸው ሳሉ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው በግመል እየጫኑ የሚያመጡ ነጋዴ ነበሩ።

«ጨው በደጃችን ተከምሮ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ስኳርም ለእንግዳ ሻይ ያስቀመጥሁት ነበረ።»

ይህን ለመሰለ ቃል መልስ የለም። እኔ የነገርኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እውነት ነው። ለብዙ ዘመን በታላላቅ ከተሞች የነበሩ ሐኪሞችም ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ከምግብና ከመጠጥ መከልከል አንጀቱን ያሳርፋል ብለው ያምኑ ነበር። እናቴ ያደረጉት የተማሩት ሰዎች ሲያደርጉት የኖሩትን ነው። ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያጽናናቸው ይሁን አይሁን ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያን ቀን ወዲህ የገባኝ፣ እውቀትን ማግኘት አንድ ወጪ ሲሆን እስከ ደጃፍ ማድረስ ደግሞ ሁለተኛ ወጪ መሆኑን ነው። በባንግላዴሽ ብራክ የሚባለው ማኅበር ከ1980 እስከ 1990 ድረስ የሠለጠኑ ሴቶችን ከቤት ወደ ቤት እየላከ፣ ከ12 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ቤተሰቦች ውስጥ እናቶች ጨውንና ጥቁር ስኳርን በጣታቸውና በእፍኛቸው ለክተው እንዲበጠብጡ አስተማረ። የአስተማሪዎቹ ደመወዝም እናቶቹ ትምህርቱን ምን ያህል እንደ ያዙት እየታየ ይከፈል ነበር። እንዲህ ያለውን የአከፋፈል ደንብ ለእኛም መሥሪያ ቤቶች እመኝላቸዋለሁ። በአገራችንም በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ይህንኑ መንገድ ይዞ ከረጢቷን ወደ ገጠሩ ቤት አቅርቧታል።

የሊቃውንቱም ምርመራ በዚያ አልቆመም። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት የዱቄቱን ልክ አሻሽሎ፣ በአንድ ሊትር 3.5 ግራም የነበረውን ጨው 2.6 ግራም፣ 20 ግራም የነበረውን ግሉኮስ 13.5 ግራም አደረገው። ይህ ቅናሽ ለተመልካች ኢምንት ቢመስልም ትውከትን የሚያሳንስ መሆኑ በብዙ ሕፃናት ዘንድ በጥናት ተረጋግጧል።

በየቤታችሁ ሕፃናት ላሏችሁ አንባብያን የሚጠቅመውን በአጭሩ ልጻፍ። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ከመጠጥ አትከልክሉት። ጡት የሚጠባ ከሆነ ይጥባ፤ ምግብ የሚበላም ከሆነ ጥቂት ጥቂት ይብላ። ከረጢቷ ብትገኝ በላይዋ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጡ። ባትገኝ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ማንኪያው የተከመረ አይሁን፤ ጨው ሲበዛ ራሱ ይጐዳልና። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከዚህም ጋራ ሐኪሞች ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ይሰጣሉ። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ደም ካስቀመጠው ግን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የሰረዝሁት መስመር አልተመለሰም። ተመራማሪዎቹን አፈላልጌ ከአንደኛው ጋራ ተገናኘን፤ እርሱም ወደ ሌላ ሥራ መግባቱን በትሕትና ነገረኝ። ይቅርታ ብጠይቀው ማመልከቻውን የመረመረው ማን እንደ ሆነ ከቶ እንዳላወቀ ገለጠልኝ። በእኛ ሥራ የሚሰርዝና የሚሰረዝበት ሰው አይተያዩም።

ዛሬ የሚመጣውን ማመልከቻ ሁሉ አሳልፋለሁ ማለቴ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ ውስን ነው፤ ከንቱ ጥያቄም ይመጣል። ነገር ግን «ጥቅሙ በቅርብ አይታይም» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ በኅዳግ ላይ አልጽፍም። በዚህ ፈንታ ጠያቂውን አስጠርቼ እንዲያስረዳኝ አደርጋለሁ፤ ስላልገባኝ ብቻ የምሰርዘውም የለም።

እናቴ ክረምቱ ሲወጣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሻንጣቸው ውስጥ 20 ከረጢቶች፣ አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ ጠርሙስና አንድ የሻይ ማንኪያ ነበሩ። ከሄዱ ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌሊት ስልክ ደወሉ። የጎረቤት ሕፃን ታሟል፤ ከረጢቶቹም ለሰው ተሰጥተው አልቀዋል። ከኋላ የሴቶች ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«ስኳሩን ለክቻለሁ» አሉኝ። «የጨው ማንኪያው ግን ተከምሮ ነው ወይስ ተስተካክሎ?»

«ተስተካክሎ ነው፣ አደይ» አልሁ። «ግማሹን ብቻ፤ ተስተካክሎ።»